ጢም ያለበት ዜና

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ አንድ ወዳጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «አየህ፣ አሜሪካም ሃይማኖተኞች ብስክሌት አስከለከሉ!» አለኝ። ያነበበው ርእሱን ብቻ ነበር፤ የቀረውን እንዳያነብ ማኪያቶው ደረሰ።

ወሬው አሮጌ ነው። የኒው ዮርክ ዊልያምስበርግ ሰፈር ሃሲዲክ አይሁዶች (ጢማቸውን የሚያሳድጉ አጥባቂ ሃይማኖተኞች ናቸው) በቤድፎርድ ጎዳና የተሠመረውን የብስክሌት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቃወሙ፣ መኪና ማቆሚያ አጣን፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲወርዱ አደጋ አለ፣ አጭር የለበሱ ሴቶችም በሰፈራችን ያልፋሉ ብለው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ርእስ እንደሚሆን ለመገመት ጋዜጠኛ መሆን አያሻም። ከተማው በ2009 መጨረሻ 14 ብሎክ ያህሉን ሲፍቀው ብስክሌተኞች ሌሊት ቀለም ይዘው ወጥተው መልሰው ቀቡት። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ በ2015 የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጠበቆች፣ በ6ኛው ጎዳና የታሰበው የብስክሌት መንገድ በሕገ መንግሥት የተረጋገጠውን የሃይማኖት ነፃነት ይጋፋል ብለው ጻፉ። ዘጋቢው ሕገ መንግሥት ሲል እኔ የሰማሁት «እሑድ ጠዋት መኪናችንን የት እናቁም?» የሚለውን ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት እንደምወደው የሚያውቁኝ ሁሉ ሰልችቷቸዋል። ሰው ሁሉ ሥሩን ሲጠቅስ ጥሩውን ይረሳዋል፤ ጥሩ ውሃ ለመቅዳት እንስራ ተሸክሞ እስከ ምንጩ አቀበት መውጣት ግድ ነው፤ የዘመናችን ዘጋቢ ግን ከብት ከረገጠው ከታችኛው ወንዝ ቀድቶ፣ ጢምና ቀሚስ ጣል አድርጎበት ያጠጣናል።

በዚህ ጉዳይ ቂም አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ጋዜጠኛ (ስሙን አልጠራም፤ ይቅር ብዬዋለሁ ማለቴ ግን አይደለም) ስለ ሰፈራችን መንገድ ጠየቀኝና፣ ፍሳሹ ከየት ተነሥቶ በማን በር እንደሚያልፍ፣ ቱቦው ስንት ጊዜ ተቆፍሮ ስንት ጊዜ እንደተደፈነ ሩብ ሰዓት አስረዳሁት። በመጨረሻ «መቼ የሚያልቅ ይመስልዎታል?» ሲለኝ ተበሳጭቼ «እግዚአብሔር ይወቀው!» አልሁት። ማታ ቤተሰቤን ሰብስቤ ዜናውን ብጠብቅ የቀረችው ያቺ ቃል ብቻ ሆና፣ ነዋሪው በተስፋና በእምነት እየተጠባበቀ መሆኑ ተነገረልኝ። እኔ እኮ የተናገርሁት ስለ ቱቦ ነው! ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ «አባ» ይሉኛል።

ስለ ብስክሌቱ ነበር የጀመርሁት። ከካፌው ፊት ለፊት፣ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው የብስክሌት መንገድ ላይ፣ አንድ ፎቶ አንሺ የሙሽራዋን ቬሎ በምቹ ማዕዘን ለማንሣት በሆዱ ተኝቷል፤ ከኋላው አንድ ልጅ የብስክሌቱን ደወል ያቃጭላል፤ ሚዜዎቹ በቁጣ ዘወር ብለው ያዩታል። ይህን የሚዘግብ የለም፤ ከሚዜዎቹ አንዱ ጢሙን ቢያሳድግ ምናልባት።

«ታዲያ ሃይማኖተኞቹ አሸነፉ?» አለኝ ወዳጄ።

«ጠቡ የፓርኪንግ ነው» ብዬው ከሥሩ ልጀምርለት ስል፣ በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውን አይቶ ነበርና ሂሳቡን እንኳ ሳይከፍል ተነሥቶ ሮጠ።