ሩብ ምን ጉዳይ አለው?

ልጄን ሰዓት ላስተምራት የተነሳሁ ቀን ነው እኔ ራሴ ሰዓት እንደማላውቅ የገባኝ። ስድስት አመቷ ነው፣ እስከ 60 ትቆጥራለች፣ ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ ፊቷ አስቀመጥኩት። «አጭሩ ሰዓት ይቆጥራል፣ ረጅሙ ደቂቃ» ስላት «ሰዓት ይበልጣል አላልክም? ታዲያ ለምን አጭሩ?» አለችኝ። በቃ ተጀመረ!

ረጅሙ 3 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው አልኳት። ቁጥሩን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ እኮ ሶስት ነው» አለች። ልክ ናት እኮ፣ ሶስት ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አሁን ደሞ ሶስት 15 ነው፣ 6 ደግሞ 30 ነው ስላት የምታየኝ አስተያየት ከዚህ በፊት ያስተማርኳትን ሁሉ መጠርጠር እንደጀመረች ያስታውቃል። አንድ ሰዓት ለምን 60 ደቂቃ ሆነ፣ ለምን 100 አልሆነም እንዳትለኝ ፈርቼ ነበር። ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ጊዜ በ1793 እ.ኤ.አ ቀኑን 10 ሰዓት፣ ሰዓቱን 100 ደቂቃ አድርገውት ነበር፣ ሁለት አመት እንኳን ሳይሞላው ተውት። መንግስት ያቃተውን እኔ ሳሎን ውስጥ ላስተካክል?

ተኩል ላይ ደግሞ አጭሩ 2ን አልፎ 3 ሳይደርስ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ አገኘችው። «ጠፍቶበት ነው?» አለች፣ አዘነችለት መሰለኝ።

ከሁሉም የባሰው ግን «ለሶስት ሩብ ጉዳይ» ስላት ነው።

«ሩብ ምን ጉዳይ አለው?»

«15 ደቂቃ ይቀራል ማለት ነው።»

«እሺ፣ ጉዳዩስ?»

እስካሁን መልስ የለኝም። ስንት አመት ሙሉ እንዲሁ ሩብ ጉዳይ፣ አስር ጉዳይ ስል ኖርኩ እንጂ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ለማረፍ «አንድ ደቂቃ ጠብቂኝ» ብያት ስልኬን ከፈትኩ። ቀና ስል ሰዓቱን አቅፋ ቁጭ ብላለች። «አባዬ፣ ረጅሙ 4 ላይ ነበር፣ አሁን 6 ደርሷል፣ ያንተ አንድ ደቂቃ አስር ነው?» አለች። በአምስት አምስት መቁጠሩ ይሄኔ ነው የገባት፣ እኔን ለመያዝ ሲሆን!

ማታ ተኚ ስላት ግድግዳውን አየት አድርጋ «ትንሽ ጉዳይ አለኝ» አለች።

«የምን ጉዳይ?»

«የሩብ።»