ይበሰብሳል እያላችሁ አትጣሉ

ጎንደሬዎች፣ ዛሬ ወቀሳ ይዤ መጥቻለሁ። ቅር አይበላችሁ፣ ከልብ ስለማስብላችሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ ወጣት ቀሃ ድልድይ ላይ ቆሞ ፌስታሉን ወደ ወንዙ ወረወረ። «ምነው ልጄ?» አልኩት። «ችግር የለውም፣ ይሄኛው ከበቆሎ የተሠራ ነው፤ ይበሰብሳል» አለኝ። በትሕትና ነው የመለሰልኝ። እውነት መስሎታል። እኔንም ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

እኔም አምኜ ነበር። አምና ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት ፌስታል ጓሮዬ ካለው ጌሾ ሥር ቀበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወረደበት። ጥቅምት ላይ ስቆፍረው አብሮት የነበረው የሙዝ ልጣጭ አፈር ሆኗል። ፌስታሉን ግን ጭቃውን ባጥበው ጽሑፉ ሳይቀር ይነበባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዕፅዋት ከሚሠሩት ፕላስቲኮች በብዛት የሚታወቀው ፒኤልኤ ይባላል። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የወጣው ስኳር ይቦካና ላክቲክ አሲድ ይሆናል። እርጎን የሚያኮመጥጠው እሱው ነው። ይህን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አያይዘው ሲያስረዝሙት ፕላስቲክ ይወጣዋል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ቶሎ የሚበሰብሰው እርጥበቱ ተጠብቆ፣ 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ፣ ለሳምንታት በብስባሽ ማምረቻ ሲቆይ ነው። የጎንደር ጓሮ ይህን ሙቀት ከየት ያመጣል? የቀሃ ውኃማ ጭራሽ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ከገባ ለዓመታት ፕላስቲክ ሆኖ ይኖራል።

ደግሞ ከዕፅዋት መሠራትና መበስበስ አንድ አይደሉም። ብራዚል ውስጥ ተራው ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊን የሚሉት፣ ከሸንኮራ አገዳ ይመረታል። ከነዳጅ ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አይበሰብስም። ስለዚህ ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ቅጠል ስለታተመበት ብቻ አትቀበሉ። የት ነው የሚበሰብሰው? በስንት ዲግሪ? በስንት ጊዜ? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ለደንበኛችሁ «ይበሰብሳል» አትበሉ። ያ ወጣት ከአንዳችን ሰምቶ ነው።

ሕግ አጥተንም አይደለም። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታል መጠቀምንም ጭምር የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። እኛ ግን ሁለት ቲማቲም ስንገዛ ፌስታል፣ ለሚጥሚጣውም ሌላ ፌስታል እንጠይቃለን።

እናቶቻችን እኮ በሰሌን ዘንቢል ነበር የሚገበዩት። ድፎው በኮባ ይጋገር፣ ቅቤው በቅጠል ይጠቀለል ነበር። ያ ቅጠል 60 ዲግሪ አይጠይቅም። የትም ቢወድቅ ወይ ከብት ይበላዋል ወይ አፈር ይሆናል። ዛሬ ግን ዘንቢል ይዞ ፒያሳ መውጣት ያሳፍረናል። የሚያሳፍረው የቱ ነው? ፌስታል የበላች ላም ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት ማየት አይደለም ወይ? ዘንቢል ግዙ፣ ልጆቻችሁም ይዘው ሲወጡ አትሳቁባቸው። ሠርግ የምትደግሱም ብትሆኑ አንድ ቀን ተጠጥቶበት ለሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ ገንዘብ አታውጡ። ብርጭቆ ከጎረቤት መዋስ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ቀሃን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ውኃ ከእሱ ተጠልፎ ነው የሚመጣው። ሕፃን አዋቂው የሚጠመቅበት፣ በጠርሙስ ቀድተን ለታመመ የምንወስደው ውኃ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከላይ ቆሻሻ እየጣልንበት ጥር ላይ ነጠላ አጣፍተን እንሰለፋለን። የተረፈው ደግሞ በመገጭ ወንዝ አድርጎ ጣና ይገባል፤ እዚያ ዓሣ የሚያጠምዱ ወንድሞቻችን አሉ።

ተዉ፣ ከልቤ ነው የምለምናችሁ። ከከተራ በፊት ባሉት ሦስት ቅዳሜዎች ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድልድዩ ሥር እወርዳለሁ። ጓንትና ጆንያ ይዛችሁ ኑ። ያን ወጣትም ካገኘሁት ይዤው እመጣለሁ።