ማስተካከያ፦ በቪዲዮ ስለሚፈረም ኑዛዜ

ሰነድ አረጋጋጭ በአቅራቢያቸው ለማያገኙ የትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎች ታስቦ በስፋት የተሰራጨ ጽሑፍ፣ በቪዲዮ ጥሪ የተረጋገጠ ኑዛዜ እንደ ውክልና ሁሉ በየትኛውም አገር ይጸናል ይላል፤ ይህ ስህተት ነው። አረጋጋጭ የሚመሰክረው የፈራሚውን ማንነትና ፊርማ ሲሆን፣ የኑዛዜ አፈራረም ግን በየአገሩ በራሱ ሕግ ይገዛል።

በእንግሊዝና ዌልስ፣ የሕጉ ጽሑፍ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1837 የወጣው የኑዛዜ ሕግ ሁለት ምስክሮች በአንድነት ተገኝተው ፊርማውን እንዲያዩ ያዛል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በቪዲዮ ማየትን የፈቀደው ማሻሻያም ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 አብቅቷል፣ ያኔም ቢሆን ኑዛዜው በወረቀት ላይ በእጅ መፈረም ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ የተፈረመ ኑዛዜ ፈራሽ ሊሆንና፣ ቀደም ሲል የጸና ሌላ ኑዛዜ ከሌለ፣ ንብረቱ ሟች ባላሰበው መንገድ ሊከፋፈል ይችላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ተናዛዡ ማረም በማይችልበት ሰዓት መሆኑ እጅግ ያሳስባልና፣ እንዲህ የፈረሙ ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ በምስክሮች ፊት እንደገና ቢፈርሙ ይበጃል።