ለክቡር አቶ ጉንፋን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቤቴን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ከሁሉ በማስቀደም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ድምፄ በአፍንጫ ከመሰለብዎ ይቅርታ፤ ያበላሹት እርስዎ ነዎት።

ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ አስተምሬ፣ ደሴ ጡረታ የወጣሁ የ67 ዓመት ሰው ነኝ። ከጥንት እንተዋወቃለን። ድሮ ጨዋ እንግዳ ነበሩ። ሰኞ ይገባሉ፣ ዝንጅብልዎን ጠጥተው ሐሙስ ውልቅ ይላሉ። አሁን ምን ነካዎት? ዘንድሮ በነሐሴ ገብተው እንቁጣጣሽን አከበሩ፣ ደመራ አበሩ፣ ይኸው ጥቅምት ባተ፤ ሳልዎ ገና አልወጣም። ወሎ እንግዳ አያባርርም ሲባል ሰምተው ይሆን?

ሰፈሩ ሁሉ «ብርዱ ነው» ይላል። ጎረቤቴ ሴትዮ «ጋሼ፣ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ይሰንብቱ፤ ሙቀቱ ያሽርዎታል» አሉኝ። ወረድኩ። እርስዎም አብረውኝ ሚኒባስ ገቡ። ሒሳብ እንኳ አልከፈሉም። ደግሞስ ጦሳ ተራራ በልጅነቴም እዚያው ነበር፤ ጭጋጉም ያው ጭጋግ ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ይህን ስላወቁ ነው የሚጫወቱብኝ።

ምስጢሩን ሐኪሟ ነገረችኝ። ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብላ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች። ትምህርት ቤት በሏት። መቅኔ ውስጥ የተወለዱ ሕዋሳት እሷ ዘንድ ገብተው ይማራሉ፤ ቲ ሴል የተባሉትም በእሷ ስም ነው። ትምህርቱ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወራሪውን ለይ፣ የራስህን ሰው አትንካ። ፈተናው ግን ጉድ ነው። ከመቶ አምስቱ እንኳ አያልፉም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጤት ያየ ሰው ይህ ላይገርመው ይችላል፤ እዚህ ግን ሪሚዲያል እንኳ የለም። የወደቀው እዚያው ይሞታል።

ይቺ ትምህርት ቤት ታዲያ ከጉርምስና ጀምሮ ትኮማተራለች። ክፍሎቿን አንድ በአንድ ስብ ይወርሳቸዋል። በእኔ ዕድሜ ከእሷ አዲስ ምሩቅ መጠበቅ ዘበት ነው። ዕድሜ ልኬን ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሰውዬ፣ ደረቴ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት ከእኔ ቀድሞ ጡረታ መውጣቱን ማን ነገረኝ?

የቀሩኝ ነባሮቹ ናቸው። አይናቋቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ፋሮ ደሴቶች ላይ ኩፍኝ ሲገባ፣ ፓኑም የሚባል የዴንማርክ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። በ1781 ኩፍኝ የያዛቸው ሽማግሌዎች አሁን አልታመሙም። ሰውነታቸው የጠላቱን መልክ 65 ዓመት ሙሉ አልረሳም! እኔ ትናንት መነጽሬን የት እንዳኖርኩ አላውቅም። ግን ኩፍኝ ያለው አንድ መልክ ነው። የእርስዎ ዘር፣ ራይኖቫይረስ የሚባለው ወገንዎ ብቻ፣ ከ150 በላይ ዓይነት አለው። ነባሮቼ «ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» እያሉ ሲያሰላስሉ እርስዎ ጉሮሮ ደርሰዋል።

ሌላው ረመጡ ነው። ያረጀ ሰውነት ጠላት በሌለበትም ውስጥ ውስጡን ይቆጣል፣ ይጨሳል። ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ የተባለ ጣሊያናዊ ከባልደረቦቹ ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ስም አውጥቶለታል። እኔ ግን ከእናቴ ምድጃ አውቀዋለሁ። ማታ በአመድ የተዳፈነ ፍም፣ ጠዋት ሲገልጡት ጀበና አያፈላም፤ ዓይን ግን ያስለቅሳል። የልብና የደም ሥር በሽታም ከዚሁ የውስጥ ጭስ ጋር ይያያዛል።

እውነተኛ እሳት ሲፈለግ ደግሞ የለም። አምና ደረቴን ሲወጋኝ ጎረቤቴ ግንባሬን ዳሰው «አብሽሩ ጋሼ፣ ትኩሳት የለዎትም» አሉ። ዱአም አደረጉልኝ። ለካ ሽማግሌን ሳንባ ምች ይዞትም ላያተኩሰው ይችላል። ሐኪሟ በቴርሞሜትሩ ተማምና አላለፈችኝም፤ ጀርባዬን ገልጣ አዳመጠችኝ እንጂ። ያንን ባለጌ በር ከፍተው ያስገቡት እርስዎ ነበሩ። ክጃለሁ አይበሉ።

የመድኃኒቱን ነገር ተዉት። ዳማ ከሴው ታሽቷል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተበልቷል፣ ጤና አዳሙ ቡናዬ ላይ ሲዋኝ ከርሟል። ሰው ሸሸኝ፤ እርስዎ ወደዱት።

መልእክተኛዎንም አውቃታለሁ። አራት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ትማራለች፣ የልጅ ልጄ ናት። ልጅ በዓመት ስድስት ስምንቴ ቢያገኝዎ አይደንቅም ይላሉ። የእሷ የደረት ትምህርት ቤት ገና ሙሉ ቀን ያስተምራል። እርስዎን ተምራ፣ ፈትና፣ በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ትሯሯጣለች። ትርፉ ለአባባ።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። ራሷ ናት። አፍንጫዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠርጋ «አባባ፣ ሳመኝ!» አለች። ደብዳቤውን አስቀምጬ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሳምኳት።

ማመልከቻዬ ውድቅ መሆኑን ተረድቻለሁ። ቅዳሜ እንደ አዲስ ይገባሉ ብዬ ዝንጅብል አስገዝቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ ሳል፣
ለእትዬ አልማዝ ባለጭራ፤ በልጅነቴ ጉድፍ ሆነው ገብተው እስከ ዛሬ ነርቬ ውስጥ ተኝተዋል። ዘበኛው መድከሙን ከማንም እንዳይሰሙ። እባክዎ እዚያው ይተኙልኝ።