«በራስህ ቃል ጻፍ» ብቻውን መመሪያ አይሆንም

በእንግሊዝኛ ክፍል ስለ ምንጭ አጠቃቀም የሚሰጠው የተለመደ መመሪያ «አንብብና በራስህ ቃል ጻፍ» የሚል ነው። ተማሪው ይህን ሲሰማ ጽሑፉን ከፊቱ ይዘረጋል፣ መዝገበ ቃላት ይከፍታል፣ ከየዓረፍተ ነገሩ ሦስት አራት ቃል ይለውጣል። ጽሑፎችን የሚያነጻጽረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከምንጩ ጋር መመሳሰሉን ሲያጋልጥ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ስለ ታማኝነት ይሆናል። በእኔ እምነት ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የንባብ ነው። ያልገባውን ሐሳብ በራሱ አባባል ማስቀመጥ የሚችል ሰው የለም።

አሜሪካዊቷ የጽሕፈት ትምህርት ምሁር ሬቤካ ሙር ሃዋርድ ይህን አጻጻፍ በ1990ዎቹ «ፓችራይቲንግ» ብለውታል። ከምንጩ ጥቂት ቃላት መሰረዝ፣ ሰዋስውን መነካካት፣ አንዱን ቃል በተመሳሳዩ መተካት ማለት ነው። እሳቸው ይህን የሚያዩት ተማሪው ከማያውቀው የዕውቀት መስክ ቋንቋ ጋር ሲታገል እንደሚያልፍበት ደረጃ ነው። ከባልደረቦቻቸው ጋር 18 የተማሪ ጽሑፎችን መርምረው በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የምንጩን ሐሳብ ጠቅልሎ ያቀረበ አንድም አላገኙም። ተማሪዎቹ የሚሠሩት ከምንጩ በለቀሟቸው ነጠላ ዓረፍተ ነገሮች ነበር።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። ምንጩ «አጭር እንቅልፍ የወጣቶችን የማስታወስ ችሎታ ሊያዳክም ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ በሚያሸልቡት ላይ ግን ጉዳቱ አነስ ያለ ይመስላል» ይላል እንበል። ተማሪው «ጥቂት እንቅልፍ የጎረምሶችን ትዝታ ያበላሻል፤ ከቀትር በኋላ በሚተኙት ላይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው» ብሎ ይጽፋል። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት እንዳለ ነው፤ የተበላሸው ትርጉሙ ነው። «ሊያዳክም ይችላል» የነበረው «ያበላሻል» ሆነ፣ «ይመስላል» ወደ «ነው» ተለወጠ፣ የማስታወስ ችሎታም ትዝታ ሆኖ ቀረ። «ማሸለብ ጉዳቱን ይቀንሳል» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው፤ ምንጩ ስለ ምክንያትና ውጤት አልተናገረም። «በእንቅልፍ ማነስ ሊመጣ የሚችለው የማስታወስ ድክመት ከሰዓት በኋላ በሚያሸልቡ ወጣቶች ዘንድ ያን ያህል የጎላ እንደማይመስል ጸሐፊው ይገልጻል» ቢል ግን ቅርጹም ተለውጧል፣ የጸሐፊው ጥንቃቄም አልጠፋም።

እዚህ ለመድረስ አንቀጹን ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ ከዚያ መጽሐፉን መዝጋት ያስፈልጋል። የመዝጋቱ ነገር ግዴታ ነው፤ ዓይን ከጽሑፉ ላይ ካልተነሳ እጅ ይገለብጣል። ሐሳቡን ለጓደኛ እንደሚነግሩት ያህል ጽፎ መጽሐፉን እንደገና መክፈትና ማመሳከር ይገባል። የእርግጠኝነቱ መጠን ያው ነው? የተጨመረ ሐሳብ አለ? ከሦስት አራት በላይ ተከታታይ ቃላት እንዳሉ ተወስደዋል? ከተወሰዱ በትእምርተ ጥቅስ ይግቡ ወይም ይለወጡ። እንደ ፎቶሲንተሲስ ያለ ሙያዊ ስያሜ ግን ምትክ አያስፈልገውም።

ምንጩና ገጹ መጻፍ ያለባቸው ማስታወሻ በሚያዝበት ሰዓት ነው። በኋላ ሲፈለግ የትኛው የደራሲው፣ የትኛው የራስ እንደሆነ መለየት ያቅታል። በራስ አባባል የቀረበ ሐሳብም ምንጭ ይጠቀስለታል፤ ብዙ ተማሪዎች ምንጭ የሚያስፈልገው ለቃል በቃል ጥቅስ ብቻ ይመስላቸዋል። አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ መጨረሻ ላይ አንድ ቅንፍ ማስቀመጥም አይበቃም፤ የተዋሰው ሐሳብ የት እንደጀመረ አንባቢው አያውቅም። በደራሲው ስም መጀመርና በቅንፍ መዝጋት ድንበሩን ያሳያል። የቀረው የቅርጽ ጉዳይ ነው፦ ኤምኤልኤ የተባለው የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት በቅንፉ ውስጥ የደራሲውን ስምና ገጽ ያለ ነጠላ ሰረዝ ያስቀምጣል፣ ኤፒኤ የተባለው ሌላው ሥርዓት ዓመት ይጨምራል። በኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ፣ በኤምኤልኤ ደግሞ በስድ ንባብ ከአራት መስመር ያለፈ ጥቅስ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ገባ ተደርጎ ለብቻው ይጻፋል።

ትርጓሜ ሌላ ሥራ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚድበሰበሰውም እሱ ነው። በራስ አባባል መጻፍ ጽሑፉ ምን እንዳለ ይናገራል፤ ትርጓሜ ምን ማለቱ እንደሆነና ይህን የሚያስብለው የትኛው ቃል እንደሆነ ያሳያል። አንድ ግጥም «በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች» ቢል ተማሪው «ይህ ተስፋን ያሳያል» ብሎ ያልፋል። ከየት አመጣው? «ገርበብ» የሚለውን አውጥቶ «ክፍት» ይተካበትና ትርጓሜው ይቆም እንደሆነ ይፈትነው። ካልቆመ ማስረጃው ያ ቃል ነው፤ ቃሉን ብቻ በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ በሩ ያልተዘጋም ያልተከፈተም መሆኑ ስለ ሄደችው ሴት ምን እንደሚናገር ያስረዳ። ቃል በቃል መቼ ይጠቀስ ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው፦ አባባሉ ራሱ ማስረጃ ሲሆን ይጠቀሳል፣ መረጃው ብቻ ሲፈለግ በራስ አባባል ይቀርባል። የራስ ትርጓሜ ምንጭ አይጠቀስለትም፤ ከሌላ ሐያሲ የተወሰደ ግን ይጠቀስለታል።

ስለዚህ ውጤት አሰጣጡም ይለወጥ። የኮምፒውተሩ የመመሳሰል መቶኛ በትክክል የተጠቀሰውን ጥቅስ ሊቆጥር ይችላል፤ «ሊያዳክም ይችላል» ወደ «ያበላሻል» መለወጡን ግን አይነግረንም። ተማሪው ከመጨረሻው ጽሑፍ ጋር የማስታወሻ ወረቀቱንና የምንጩን ገጽ ያስረክብ፤ መምህሩም ከየጽሑፉ አንድ አንቀጽ መርጦ ሦስቱን ጎን ለጎን ያንብብ።