ማስተካከያ፦ ስለ «ታይም ማሽን» ፊልም

ባሕር ዳር ላይ ለሚደረገው የፊልም ውይይት በታደለው ወረቀት «የ2002ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም መጽሐፉን ሳይለውጥ ይከተላል» የሚለው ስህተት ነው። ዳይሬክተሩ ሳይመን ዌልስ የደራሲው ኤች ጂ ዌልስ የልጅ ልጅ ልጅ ነው መባሉ ትክክል ነው፤ ታማኝነቱ ግን እዚያው ላይ ያበቃል።

ፊልሙ ውስጥ ያለችው የተገደለች እጮኛ በ1895ቱ (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ የለችም፤ በጊዜ ውስጥ የሚጓዘው ሰው ስም እንኳ አይነገርም። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ በመጽሐፉ ኤሎይና ሞርሎክ (የሰው ልጅ በሩቅ ወደፊት የተከፈለባቸው ሁለት ዘሮች) የተለያዩት ሀብታሙና ሠራተኛው ለዘመናት ተነጣጥለው በመኖራቸው ሲሆን፣ ፊልሙ ምክንያቱን የጨረቃ መፈራረስ ማድረጉ ነው። የታሪኩ አጥንት የወጣው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደፊት ርቆ የሚገኘው፣ ግዙፍ ቀይ ፀሐይ የምትታይበት የባሕር ዳርቻም ፊልሙ ውስጥ የለም። ለውይይቱ የምትመጡ ቢያንስ ያን ምዕራፍ አስቀድማችሁ አንብቡ።