የኦቾሎኒ ካዚኖ

እሁድ ከሰዓት የድሬዳዋን ሙቀት ሸሽተን ገንደ ቆሬ ወዳጃችን ቤት እንሰበሰባለን። ሽርጥ ታጥቀን፣ ፍራሽ ላይ ተጋድመን፣ የአወዳይ ጫት ዘርግተን የዓለምን ችግር እንፈታለን። ባለፈው ሳምንት ችግሩ አለቀብንና ካርታ ወጣ።

ኮንከር ሰልችቶናል። ባለቤቱ ከውጭ ከመጣ የአጎቱ ልጅ የተማረውን አመጣ፤ ካሪቢያን ስተድ ፖከር። «እርስ በርስ አትጫወቱም፤ ሁላችሁም ከኔ ጋር ናችሁ» አለና በውዞ ማደል ጀመረ። በብር ነውር ነው ተባለ። መደቡ የባቢሌ ኦቾሎኒ ሆነ።

መጀመሪያ መነሻ ታስይዛለህ፤ የኛ 10 ፍሬ ነበር። አምስት ካርታ ይደርስሃል። አዳዩም አምስት ይወስድና አንዷን ገልጦ ያሳይሃል። ከዚያ ወይ የመነሻውን እጥፍ ጨምረህ ትገባለህ፣ ወይ «ወጣሁ» ብለህ 10ሩን ትተውለታለህ።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ጥንድ ወይም ከጥንድ የሚበልጥ ካለህ፣ ሁለት ባለ 2 እንኳ ቢሆኑ፣ ግባ። ጥንድም ሆነ ከዚያ የሚበልጥ ከሌለህ፣ አስና ኪንግም አብረው ካልመጡልህ፣ ውጣ። የሚያሳስበው አስና ኪንግ ብቻ ሲሆን ነው። አዳዩ የገለጣት ካርታ ከ2 እስከ ኩዊን ካሉት ሆና አቻዋ አንተ እጅ ካለች ግባ፤ እሱ በሷ ጥንድ የመሥራት ዕድሉ ቀንሷል።

በዚህ ስሌት ከ100 እጅ 48 ያህሉን መውጣት አለብህ። ግማሹን ማለት ነው! ለድሬ ልጅ ይህ ሞት ነው። እኛ ከክርክር አንወጣም፤ ሂሳብ ልክፈል ከሚል ግብግብም አንወጣም። ምርቃና ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። ከጎኔ ያለው መምህር ትልቁ ካርታው ጃክ ሆኖ «አቦ ጨምሬያለሁ!» አለ። ለምን? «ደፍሬ ስገባ ይፈራኛል።» አዳይ እኮ አይፈራም! እሱን የሚያዘው ደንቡ ነው፣ ያንተ ፊት አይደለም።

ከዚያ ሦስት 9 እና ሁለት 4 ደረሰኝ። ፉል ሃውስ! የጨመርኩትን ሰባት እጥፍ ይከፍላል፤ 20 በ7፣ 140 ኦቾሎኒ። እጄን ላበው። ጨመርኩ። ባለቤቱ ካርታውን ቀስ እያለ ገለጠ። ኩዊን፣ 10፣ 8፣ 5፣ 3።

«አልሞላሁም» አለ።

ለካ አዳዩ ቢያንስ አስና ኪንግ ካልያዘ እንዳልተጫወተ ይቆጠራል። 10 ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ የጨመርኳትን 20 እንዳለች መለሰልኝ። በቃ። ሰውዬው ካፌም ውስጥ እንዲሁ ነው። ሂሳብ ሲመጣ «እኔ እኮ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት» ይላል።

በብልሃቱ ብትጫወት እንኳ ውሎ አድሮ ከ100 ፍሬ መነሻ 5 ያህሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደግሞ በኛ ካዚኖ «ተበላሁ» ማለት በቁሙ ነው። ባለቤቱ የበላንን እያኘከ ነበር የሚያድለው።

የመግሪብ አዛን ሲል ሰሃኔ ባዶ ነበር። ከመምህሩ ልበደር ብል የሱም ተበልቷል። ባለቤቱ በቅርፊት የተሞላውን ምንጣፍ አየና መጥረጊያ አቀበለኝ።

«ወጣሁ» አልኩት።